በፍልሰታ የተበላ ክሬም

«ይቺን አሮጊት ማን መረጣት? ፊደል እንኳ ያልቆጠረች ሴትዮ!»

ድምፁ የመጣው ከገዛ ጆሮዋ ውስጥ ነው፤ ከሽንብራ ከማትበልጥ ማዳመጫ። ታምራት የራሱን ማይክ መዝጋት ረስቷል።

እጅጋየሁ ሲኒዋን አስቀመጠች። ከንፈሯን ነከሰች።

አሮጊት ናት፤ መስታወት አላት፣ ታውቃለች። ፊደልም አልቆጠረችም። ግን ይኼ ሰውዬ ዛሬ አለቃ የሆነው፣ እሷ በሲያትል ሆቴሎች አልጋ እያነጠፈች የሰማችውን እየቃረመች ስላመጣችለት ነው። አልጋ አንጣፊ ፊት ሰው ሁሉ ያወራል። ሹመቱ ሲመጣ ድግሱ ላይ አልጠራትም። አሁን ደግሞ ማን መረጣት ይላል።

«ጃንጥላ፣ ይሰማዎታል?» አለ ድምፁ። አሁን ማር ሆኗል።

ጃንጥላ የእሷ የምስጢር ስም ነው።

«ደህና አድርጎ ይሰማኛል» አለች፣ ሲኒዋን መልሳ አፏ ላይ ይዛ።

«ሻማ ቦታዋን ይዛለች?»

«ይዛለች።»

«ኦኬ። ዝም ብለው ይጠብቁ።»

መርከቡ ከአላስካ ወደ ሲያትል እየተመለሰ ነው። ነገ ጠዋት ይደርሳል። ታምራት ከታች ካቢኑ ውስጥ ሆኖ በማዳመጫ ይመራታል። እጅጋየሁ የተቀመጠችበት ምግብ ቤት ለብቻው የሚከፈልበት ነው፤ ጠዋት ብራንች ያቀርባል፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ። ጠረጴዛው ነጭ፣ አበባው ነጭ፣ ፒያኖ የሚመታው ሰውዬም ነጭ ለብሷል፤ ጓንት ብቻ ነው የቀረው። በየጠረጴዛው ሦስት ደርብ ያለው የኬክ ማቅረቢያ ተገትሯል።

ሻማ መስኮቱ ሥር ብቻዋን ተቀምጣለች። እውነተኛ ስሟ ሃሴት ነው፤ ሲያትል አጠገብ ሬድመንድ የምትሠራ የኮምፒውተር ኢንጂነር። ከጥፍር የማትበልጥ ሚሞሪ ይዛለች። ውስጡ ያለው ነገር የሆስፒታሎችን መብራት ከሩቅ ሆኖ ማጥፋት ያስችላል። ልጅቷ የሆስፒታሎቹን ኮምፒውተር ቀዳዳ ያገኘችው ለመድፈን ስትሠራ ነው፤ ወሬው ግን ቀድሟት ወጣ። ገዢዎች መጡ። እምቢ አለች። ከዚያ መከተል ጀመሩ፤ ቤቷ ድረስ፣ ሥራ ቦታዋ ድረስ። ፈርታ እጅጋየሁና ታምራት ለሚሠሩበት የደኅንነት ቢሮ ደወለች።

«ለወንድ አልሰጥም» አለች። «እናቴን የምታክል ሴት ላኩልኝ።»

ለዚህ ነው እጅጋየሁ የተላከችው። ዕቃውን መቀበል፣ ልጅቷን ነገ በሰላም ሲያትል ማውረድ። ሥራው ይኼው ነው። በያዘችው ፓስፖርት ወይዘሮ ማዕረግ ትባላለች፤ ልጆቿ ሽርሽር የላኳት ሀብታም መበለት።

ልጅ የላትም።

ዘዴውን ያወጣው ታምራት ነው። ከሻይ ጋር ስኮን የሚሉት ዳቦ ይመጣል፣ አብሮት በትንሽ ሳህን ወፍራም ክሬም። ሃሴት ሚሞሪውን ክሬሙ ውስጥ ትደብቃለች። ዳቦዋን ክሬም ቀብታ ከበላች፣ ሰላም ነው፤ አስተናጋጁ ሳህኑን አንስቶ ለእጅጋየሁ ያመጣል። ዳቦውን ሳትበላ ካስቀመጠችው አደጋ አለ። ያን ጊዜ ማንም ሰው ሳህኑን እንዳይነካ።

አስተናጋጁ አክሊሉ ይባላል። የቢሮው ሰው ነው፤ ተራው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። እዚህ ያስቀጠረውም ታምራት ራሱ ነው።

ዕቅዱ የወጣው በፋሲካ ሰሞን ነበር። ጉዞው ሲገፋ ሲገፋ መጥቶ ፍልሰታ ላይ ወደቀ። እጅጋየሁ ተናግራለች። «ፍልሰታን ልጅ እንኳ ይጾማል፤ ይኼን የክሬም ነገር ለውጡት» ብላ ነበር። ታምራት ሳቀ።

«እማማ፣ እርስዎን ማን ብሉ አለዎት?»

ነገሩ ከእሷ ሆድ ውስጥ አልወጣም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ባሰባት። ፊት ለመለየት ብላ እዚሁ ምግብ ቤት ብራንች ገብታ ነበር። ብራንች ማለት ቁርስም ምሳም ያልሆነ የፈረንጅ ገበታ ነው። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ ባዶ ሳህን ይዛ ተቀመጠች። ሃሴት ፊት ለፊቷ ሁለት እንቁላል በቅቤ አስጠብሳ፣ በላዩ ዓሣ፣ በዓሣው ላይ ቺዝ ጨምራ፣ ሳህኑን ጥርግ አድርጋ በላች። አንገቷ ላይ ማተብ አለ! እጅጋየሁ በዓይኗ ገላመጠቻት፣ በሆዷም ሰደበቻት።

ለታምራት ግን አልነገረችውም። የሰው ጾም ማውራት ሐሜት ነው።

«እማማ፣ ሻይ ልጨምርልዎት?»

አክሊሉ ነው። ነጭ ኮት ለብሷል፤ ጥርሱ ያምራል።

«ጨምር። ወተት እንዳታስጠጋ።»

«አውቃለሁ እማማ። ፍልሰታ አይደል? እኔም እጾማለሁ።»

«ጎሽ! ያሳደገህ ይባረክ።»

ወደ ሃሴት ጠረጴዛ አለፈ። እጅጋየሁ ሲኒዋ ውስጥ የምታይ መስላ በጎን ተከተለችው።

ሃሴት ክሬሙን በማንኪያ አማሰለች። ጣቷ ሳህኑ ጫፍ ላይ አንዴ ቆየ። ገባ። ከዚያ ስኮኑን ለሁለት ከፍላ ቀባችው። ወደ አፏ አነሳችው።

አክሊሉ ሻይ ሊቀዳላት ጎንበስ አለ።

ቀና ብላ ፊቱን አየችው።

ዳቦው አየር ላይ ቆመ።

ቀስ ብሎ ወደ ሳህኑ ተመለሰ።

«ምን እየሆነ ነው?» አለ ታምራት።

«አልበላችም።»



«ጾም ትዝ ብሏት ነው» አለ ታምራት። «ፍልሰታ አይደል? እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። ችግር የለም። አክሊሉ ሳህኑን ያንሳ። እርስዎ ከወንበርዎ ንቅንቅ እንዳይሉ።»

ጾም።

እንቁላሉ ትዝ አላት። ቅቤው። ቺዙ።

ጠዋት የገደፈች ልጅ ከሰዓት በኋላ ጾም አይጀምራትም።

ደግሞስ፣ ዳቦው ካልተበላ ማንም እንዳይጠጋ ያለው ራሱ ታምራት አይደለም? አሁን ምን አስቸኮለው? የፊተኛው ንግግሩ መጣባት። ይቺን አሮጊት ማን መረጣት። ስድቡ አንጀቷን ስላሳረራት ያዳመጠችው ስድቡን ብቻ ነበር። ታምራት ካቢኑ ውስጥ ብቻውን ነው መሆን ያለበት። ታዲያ ለማን ነበር የሚያወራው?

«ታምራት» አለች ቀስ ብላ። «አጠገብህ ማን አለ?»

«ማን ይኖራል እማማ? ብቻዬን ነኝ።»

ከኋላው ሰው አሳለ።

የታፈነ ሳል። እጅ በአፍ ላይ የተጫነበት።

ከገዢዎቹ አንዱ ካቢኑ ውስጥ ነው።

እጅጋየሁ መስኮቱን አየች። ዙሪያውን ባሕር ነው። ስልኳ መስመር የለውም። ጉልበቷ አያስሮጣትም። ለመርከቡ ሰዎች ልናገር ብትል፣ በየትኛው እንግሊዝኛ? ብትችልስ ማን ያምናታል? የመንግሥት መታወቂያ በኪሱ ያለው ታምራት ነው። እሷ የሌላ ሰው ስም ይዛ የተሳፈረች አሮጊት ናት።

አክሊሉ ሃሴት ጠረጴዛ አጠገብ ፎጣውን እያጠፈ ነው። ሳህኑን ሊያነሳ ነው።

ከዘራዋን ያዘች። ተነሳች።

«ውይ! ውይ የኔ ልጅ! አንቺ ነሽ እንዴ?»

ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞረ። አሮጊት ናት፤ ዘመድ አግኝታ ነው። ፈገግ ብለው ወደ ኬካቸው ተመለሱ።

እጅጋየሁ ሃሴት ላይ ተጠመጠመች። ቀኝ ጉንጭ፣ ግራ ጉንጭ፣ እንደገና ቀኝ። ልጅቷ በረዶ ሆናለች።

«ምን አየሽ?» አለቻት ጉንጯ ላይ እንዳለች።

«አስተናጋጁ… ሬድመንድ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ አጠገብ ይቆም የነበረው እሱ ነው።»

«ዕቃው ውስጡ ነው?»

«ውስጡ ነው። እማማ፣ ምን ላድርግ?»

እጅጋየሁ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጆሮዋን ያከከች መስላ ማዳመጫውን አወጣችው። ታምራት ውስጡ «ጃንጥላ! ጃንጥላ!» እያለ ይንጫጫል። የሃሴት ሻይ ውስጥ ከተተችው።

ጸጥ አለ።

«እማማ፣ ይህን ላንሳልዎት?» አክሊሉ እጁን ወደ ክሬሙ ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ። ልበላ ነው።»

«ጾመኛ አይደሉም እንዴ?»

«ነበርኩ።»

ማንኪያ አነሳች። ሆስፒታል ስትተኛ ያልፈታችው ጾም ነው። ባሏን በቀበረች ሰሞን፣ ዘመድ ሁሉ እየለመናት ያልፈታችው። ማንኪያውን ሞልታ ወደ አፏ ከተተች።

ጣፋጭ ነበር። ያ ነው ያናደዳት።

ሁለተኛውን ዋጠች። በሦስተኛው አንድ ጠንካራ ነገር ምላሷ ላይ አረፈ። አላኘከችም። ሲኒ አንስታ አወረደችው፤ ጉሮሮዋን ቧጭሮ ሄደ። ሳህኑን በጣቷ ጠርጋ ላሰች፣ እንደ ሕፃን።

አክሊሉ ባዶውን ሳህን አየ። ከዚያ ሃሴትን አየ። ለአሮጊቷ አንድ እይታ እንኳ አልተረፈውም።

ብዙ ሳይቆይ ታምራት ገባ። ክራቫት አስሯል። የምግብ ቤቱ ኃላፊ ከጎኑ ናት። መታወቂያውን ከፍ አድርጎ በእንግሊዝኛ አወረደው። እጅጋየሁ ሌባ የምትለዋን ቃል ለየች። ይቅርታ የምትለዋንም። ሃሴትን ክንዷን ይዞ አስነሳት።

«ምንም አልሰረቅኩም! እማማ፣ ይንገሯቸው!»

እጅጋየሁ የልጅቷን ሌላ እጅ ያዘች። «ሌባው እሱ ነው!» ብላ ጮኸች። ማንም አልገባውም። «ሂ! ሂ ባድ!» አለች። ከዚያ በላይ እንግሊዝኛ አልወጣላትም። ሕይወቷን ሙሉ ስለት የነበረ ምላስ ደረቀ።

ታምራት ለኃላፊዋ ጣቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ኃላፊዋ ሴትዮ ፊቷ በአዘኔታ ረጠበ። ጎንበስ ብላ የእጅጋየሁን ጣቶች ከሃሴት እጅ ላይ አንድ በአንድ ፈታቻቸው። በጣም በእርጋታ። በጣም በትሕትና።

ከዚያ ዊልቸር አመጡላት።

ሰው የማያያት መሆኗ እስከ ዛሬ እንጀራዋ ነበር። አሁን ገመድ ሆኖ አሰራት።

በመርከቡ ክሊኒክ አስተኟት። ነርሷ በሩን ዘጋች። ልነሳ ስትል ትከሻዋን ይዘው ይመልሷታል፤ ስትጮህ ውኃ ይሰጧታል። ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ታስባለች። ልጅቷን የት አስገቧት? ምን እያደረጓት ነው? የምትችለው ማሰብ ብቻ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ታምራት መጣ። ወንበር ሳበ።

«እማማ፣ ምን ነካዎት? ልጅቷ ምን ሰጠችዎት?»

እጅጋየሁ አየችው። ልትተፋበት ምራቋ ተዘጋጅቷል።

ዋጠችው።

ዕቃው ሆዷ ውስጥ እንዳለ ካወቀ፣ እሷም ልጅቷም መሬት አይረግጡም። ካላወቀ ልጅቷ ጋ ይፈልገዋል። እስኪያገኘው ይጠይቃታል እንጂ አይገድላትም። መጠየቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ከዚህ ሌላ ምርጫ ግን የላትም።

አፏን ከፈት አደረገች። ዓይኗን አፈዘዘች።

«መንግሥቴ» አለች። የሟች ባሏ ስም ነው። «መንግሥቴ፣ መስኮቱን ዘጋኸው? ዝናቡ ይገባል።»

ታምራት ፊቷን አጠናው። እጁን ዓይኗ ፊት አወዛወዘ።

«ክሬሙ ጣፈጠዎት?»

«ጣፈጠኝ። ድገምልኝ።»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። ጉንጯን መታ መታ አድርጎ ተነሳ። ያመናት ጎበዝ ተዋናይ ስለሆነች አይደለም። ድሮም እንዲህ ናት ብሎ ስለሚያስብ ነው።

በሩ ሲዘጋ ትራሱን ነከሰችው።

ጠዋት ሲያትል በደመና ተቀበለቻቸው። አንድ ሠራተኛ ዊልቸሯን እየገፋ ወደ ወደቡ አወረዳት። ሻንጣ፣ ሕዝብ፣ የታክሲ ሰልፍ።

ከፊቷ ሃሴት ትሄዳለች።

በአንድ ጎኗ ታምራት፣ በሌላው አክሊሉ። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ለሚያያቸው ቤተሰብ ይመስላሉ። ፀጉሯ ተፈትቷል። አንድ እግሯን ታነክሳለች፤ ትናንት አታነክስም ነበር።

ልጅቷ ዞር አለች።

«እማማ!»

ታምራትም ዞረ። ዓይኑ እጅጋየሁ ፊት ላይ ተተከለ።

አንድ ቃል። አቤት ማለት ብቻ። ሰው ሲጠራ አቤት ይባላል፤ እሷን ያሳደጓት እንደዚያ ብለው ነው።

እጅጋየሁ ቀና ብላ የባሕር ወፎቹን አየች። ፈገግ አለች፣ በባዶ።

መልስ አልሰጠችም።

የመኪና በር ተዘጋ።

ሠራተኛው ታክሲ ሰልፉ ጋ ትቷት ሄደ። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ከዊልቸሩ ተነስታ በከዘራዋ እየተደገፈች አዘገመች። ወይዘሮ ማዕረግ እዚያው ወንበር ላይ ቀረች። ባቡር ውስጥ ቦታ የለቀቀላት የለም። ቤቷ ያለበት ሰፈር ኦቴሎ ስትወርድ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ኮቷን ሳታወልቅ ለለተገብርኤል ደወለች። ለተገብርኤል የታምራት የበላይ ናት፤ የቢሮው ሁሉ ኃላፊ።

«እማማ፣ ታምራት ኮል አድርጎልኛል» አለች። «ልጅቷ ወደብ ላይ አምልጣለች፤ እየተከታተላት ነው። እርስዎም ትንሽ ታመዋል ብሎኛል። እረፍት ያድርጉ፣ ኦኬ?»

«ይዟት ሄዷል እኮ ነው የምልሽ!»

«እሺ እማማ። እናጣራለን።»

እሺ እማማ። ሕፃን የሚያባብሉበት ድምፅ።

ዕቃው እጇ ላይ ቢኖር ያምኗት ነበር። ዕቃው ግን ገና ሆዷ ውስጥ ነው። ወፍራም ገንፎ በላች፣ ውኃ ጠጣች፣ ከመስኮት መስኮት ተመላለሰች። ልጅቷ የሆነ ቦታ «የለኝም» እያለች ነው። የዓለም ዕጣ የአሮጊት አንጀት እስኪንቀሳቀስ ይጠብቃል። ለማን ይወራል ይኼ?

በመጨረሻ ወጣ። በሳሙና ደጋግማ አጠበችው። እንደገና ደወለች። አሁን ለተገብርኤል ከከተማው ወጣ ካለው ከማውንትሌክ ቴራስ እየበረረች መጣች።

በሩን እንደገባች እጇን ዘረጋች። «የታል?»

«መጀመሪያ ጤና ይስጥልኝ ይባላል።»

«ይቅርታ እማማ። ጤና ይስጥልኝ። የታል?»

እጅጋየሁ ጭብጧን ከፈተች። ጥቁር፣ ከጥፍር የማይበልጥ ነገር። ለተገብርኤል ትንፋሿን ዋጠች። እጅጋየሁ ጭብጧን መልሳ ዘጋች።

«ልጅቷስ የታለች?»

«እማማ… አሁን ገባኝ። ታምራት ሸጦናል። ግን የት እንዳለ አላውቅም። ስልኩን ያነሳል፤ ልጅቷን እየፈለግኩ ነው ይላል።» ለተገብርኤል ግንባሯን ጠረገች። «ያንን ይስጡኝ። ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ወንጀል ነው። ሥራው እኮ ተሳክቷል። ሆስፒታሎቹ ተርፈዋል። ልጅቷን እንፈልጋታለን።»

«ተሳክቷል?» እጅጋየሁ ድምፅዋ ተሰበረ። «ወደብ ላይ እማማ ብላ ጠራችኝ። ወፍ አየሁ እኔ። ወፍ!»

ለተገብርኤል ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ታምራት ዕቃው ልጅቷ ጋ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ ይጠይቃታል። እሷ የላትም። እንደገና ይጠይቃታል። ገባሽ? እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር እሷ ትከፍላለች።» ከዘራዋን ወለሉ ላይ መታች። «ስልክሽን አውጪ።»

«ለማን?»

«ለታምራት። አሁን፣ እዚሁ እኔ ፊት። ልጅቷ ምንም የላትም፣ ዕቃው ኦቴሎ ነው በይው። እሷን በእግሯ እያስኬደ በዚህ በር ያስገባ፣ ዕቃውን ከእጄ ይውሰድ። የአንቺ ሰዎች ደግሞ ደረጃው ሥር ይጠብቁት።»

«እማማ፣ ይገድልዎታል።»

«ሊገድለኝ መጀመሪያ ማየት አለበት። እስከ ዛሬ አላየኝም። ደውይ!»

ለተገብርኤል ስልኩን አወጣች። አውራ ጣቷ ቁጥሩ ላይ አመነታ።

«ማን ወሰደው ካለኝስ?»

እጅጋየሁ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«አሮጊቷ ዋጠችው በይው።»